በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፉ ስሞች

ለጥናት የሚነበበው፦ ነህምያ ምዕራፍ 10 እና 13፤ ቆላስይስ 2፥13–15፤ ሉቃስ 10፥20



በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ ሰባት የሚኖር የአገራችን ሰው የወረቀትን ዋጋ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ወረቀት የያዘ በሰላም ወደ ሥራው ይወጣል፤ ያልያዘ ግን ሲወጣም ሲገባም ልቡ አያርፍም። በዚያን ጊዜ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህን ሰው ዐውቀዋለሁ፤ እኔ ዋሱ ነኝ» ቢልለት ምንኛ ደስ ይለዋል! እንግዲህ ስም በመዝገብ መጻፉ፣ ምስክርም መቆሙ ምን እንደሚጠቅም፣ ምንስ እንደማይችል ዛሬ አብረን እንመርምር።

1ኛ፤ የአባቶቻችን መዝገብ

በአገራችን የቆየ ልማድ ነበር። የርስት ስጦታ ወይም የመሬት ሽያጭ በተደረገ ጊዜ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜም መጽሐፉ ወንጌል ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉትን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ስንመለከት ሻጩን፣ ገዥውን፣ ዋጋውን፣ ዋሱንና እማኞቹን በየስማቸው እናገኛቸዋለን። ከእነርሱም መካከል መኳንንትና ካህናት፣ የከተማው ታላላቅ ሰዎች ይገኛሉ። ሴቶችም ሻጮችና ገዥዎች ሆነው ተጽፈዋል። የተጻፈውን የሚያፈርስ እንዳይነሣ ግዝት ይጨመርበት ነበር።

ስለ ምን በወንጌል ላይ ጻፉት? ሰው ይሞታል፤ እማኝም ይረሳል፤ ቅዱሱን መጽሐፍ ግን የሚደፍር የለም ብለው ስላሰቡ ነው። ነገር ግን የሆነውን እንመልከት። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወስደው በመቅደላ አከማቹ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን ይዞ ሄደ፤ ዛሬም በሎንዶን ይገኛሉ። ስሞቹ አልጠፉም፤ መሬቱና መዝገቡ ግን ተለያዩ።

2ኛ፤ የኢየሩሳሌም ታላላቆች ፊርማ

በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ኀጢአታቸውን ተናዘዙና ኪዳን ጻፉ። አገረ ገዥው ነህምያ አስቀድሞ አተመ፤ ካህናቱ፣ ሌዋውያኑና የሕዝቡ አለቆችም ተከተሉት። የቀረውም ሕዝብ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በመሐላ ተባበረ። የተስፋቸውም ቃል ግልጥ ነበረ፦ በሰንበት ላይገበያዩ፣ በሰባተኛው ዓመት ዕዳን ሊተዉ፣ የእግዚአብሔርንም ቤት ቸል ላይሉ።

ዕዳን ስለ መተው የተጻፈውን አንርሳ። ምዕራፍ 5ን ብናነብ የድሆችን እርሻ በመያዣ የያዙት ታላላቆቹ እንደ ነበሩ እናያለን። የታላቅ ሰው ፊርማ ክብር የሚሆነው ፈራሚው ራሱ አንዳች ነገር የሚለቅበት ሲሆን ነውና።

ነገር ግን ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ምን አገኘ? ለጦብያ በእግዚአብሔር ቤት ጓዳ ተሰጥቶት፣ ሌዋውያን ድርሻቸውን ስላጡ ወደየእርሻቸው ሸሽተው፣ በሰንበትም ዓሣ ሲሸጥ አገኘ። ያተሙበትን ቃል አንድ በአንድ አፈረሱት። ማኅተሙ በጽሑፉ ላይ ነበረ፤ በልብ ላይ ግን አልነበረም። እኛስ በጥምቀት፣ በጋብቻ፣ በማኅበር ፊት የገባነውን ቃል ስንት ጊዜ አፍርሰናል?

3ኛ፤ ሌላ ዓይነት ፊርማ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1530 ዓ.ም. ጁን 25 ቀን የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ፊት ተነበበ። ያዘጋጀው ፊልጶስ ሜላንክቶን ነበር፤ ሉተር በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የተወገዘ ስለ ነበረ በኮቡርግ ምሽግ ቀርቶ ነበር። በመግለጫውም ላይ የሳክሶኒው ዮሐንስና ሌሎች መሳፍንት ፈረሙ፤ ከእነርሱም ጋር የኑርንበርግና የሮይትሊንገን ከተሞች ሹማምንት ስማቸውን አኖሩ። የከተማ ሰዎች ነበሩና ንጉሠ ነገሥቱ ቢቆጣ ቤታቸውንና ንግዳቸውን የሚያጡ ነበሩ።

ልዩነቱን እናስተውል። የኢየሩሳሌም ሰዎች «ይህን እናደርጋለን» ብለው ፈረሙ፤ እነዚህ ግን እግዚአብሔር በክርስቶስ ላደረገው ነገር ምስክር ሆነው ፈረሙ። በ4ኛው አንቀጽ ሰው በገዛ ሥራው እንደማይጸድቅ፣ ስለ ክርስቶስ በእምነት በነጻ እንደሚጸድቅ ተጽፏልና። የተፈረመበት ዋናው ጽሑፍ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። የመሰከሩለት ወንጌል ግን ከወረቀቱ ጋር አልጠፋም።

4ኛ፤ ለእኛ የሚሆን

ሐዋርያው ጳውሎስ በእኛ ላይ ስለ ተጻፈ የዕዳ ጽሕፈት ይነግረናል። ያን ጽሕፈት ክርስቶስ ከመካከል አስወግዶ በመስቀል ቸነከረው። ስለዚህ የፈረምነውን ያፈረስን እኛ ዋስ አለን። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ ይበላቸው ዘንድ አስተማራቸው።

እንግዲህ በካርቲየ ሰባት ወረቀት የሌለው ወንድም ከዚያኛው መዝገብ አልተፋቀም። ይህን ብለን ግን በቃል ብቻ አናሰናብተው። በነጻ ዋስ ያገኘ ሰው ለሌላው ምስክር ሊሆን ይገባዋል። ሥራ ያለው ስለ ሥራ ፈላጊው ይናገር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ከማያውቀው ጋር ወደ መሥሪያ ቤት ይሂድ፤ ያበደረም የድኻውን ዕዳ ያስብ። ስማችን የከበረ ቢሆን ለዚህ እንዲውል ነውና።

ለመወያያ፦

1. የኢየሩሳሌም ታላላቆች የፈረሙትን ስለ ምን አፈረሱት?
2. ስለምናደርገው ነገር መፈረምና ክርስቶስ ስላደረገው መመስከር በምን ይለያያሉ?
3. በማኅበራችን ዋስ የሌለው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይቆምለታል?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፤ ቃላችንን አፍርሰናል፤ አንተ ግን ቃልህን ጠብቀሃል። ስማችንን ከመዝገብህ አትደምስስ፤ ስም ለሌላቸውም ምስክር አድርገን። አሜን።