ከቀጠሮ የቀረው የስኳር ታማሚ

በጅማ ዞን፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ የስኳር ክትትል ቀጠሮውን ሲያሳልፍ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያውም የሚሰጡት ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ቸልተኛ ነው»። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነ ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ የዓመቱ ገንዘብ ያለው ዛፉ ላይ ነው። ለቀማው አልቆ፣ ቡናው ተሸጦም ካልመጣ ግን ድባቴን መጠርጠር ይገባል።

ድባቴ መጥቶ የሚሄድ ሐዘን አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብ ሲከፋ ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ሲያስጠላ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ከሌለበት ይልቅ በድባቴ የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስኳር የሚመጣው ከረጅም ሐዘን ነው ብሎ ነበር። ግማሹን አግኝቶታል። ልቡ የከፋው ሰው ክኒኑን ይዘላል፣ ከቤት አይወጣም፣ ስኳሩም ይጨምራል። ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ሌሊት ለሽንት መመላለሱ እንቅልፉን ይነሳዋል፤ እግሩ ይደነዝዛል፤ ልቡ ይብስ ይከፋል።

ችግሩ የሚደበቀው ምልክታቸው ስለሚመሳሰል ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ክብደት መቀነስ የሁለቱም ናቸው። ስለዚህ ባለሙያው «ስኳሩ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ከፍ ያደርግና ያሰናብተዋል። በተቃራኒው ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ፍርሃት የስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ስኳሩ መለካት አለበት።

የገጠሩ ኑሮ የራሱን ሸክም ይጨምራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ የሌለው ቤት እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ማሰሮ ያቆየዋል፤ አሸዋው እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ማርከፍከፍ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ብቸኝነቱ ይመስለኛል። ጎረቤት የሚገናኘው ቡና ላይ ነው። «ስኳር አለብኝ» ብሎ ከቡና የሚቀር ሰው የሚያጣው ሲኒውን ብቻ ሳይሆን ወሬውን፣ ምክሩንና «ምነው ጠፋህ?» የሚለውን ሰው ጭምር ነው። ቡና ደግሞ ያለ ስኳር ይጠጣል። በጨው የሚጠጡም አሉ፤ ጨው ግን ደም ግፊት ላለበት አይበጅም። ቡና የምታፈላ ጎረቤት ስኳሩን ለብቻ ብታቀርብ ማንም አይቀርም።

ድባቴን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ጥያቄ ለመነሻ ይበቃል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልብዎ ይከፋ ነበር? ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረውን ማድረግ አስጠልቶዎታል?» ጥያቄው ታማሚው በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን ይሻላል፤ በጅማ ገጠር ይህ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። ሕክምናው ምክርና ክኒን ነው፤ ክኒኑ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይወስዳል። አሚትሪፕቲሊን የምግብ ፍላጎትና ክብደት ይጨምራል፣ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ስኳር እንዳለ ለሚያዘው ባለሙያ መንገር ግድ ነው።

ቤታችሁ መርፌውን ወይም ክኒኑን የተወ ሰው ካለ ከቁጣ በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቁት። መልሱ «አዎ» ከሆነ አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ወይም ኢንሱሊኑን ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።