ገመዱን ይዘው ይጠብቁ፦ ከሚንኪ ዓሣ ነባሪ ጋር ለመንሳፈፍ

ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ በሚገኘው በግሬት ባሪየር ሪፍ፣ በጁንና በጁላይ፣ ማለትም ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መገባደጃ፣ ድዋርፍ ሚንኪ የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች ይመጣሉ። ከዘመዶቻቸው ቢያንሱም እስከ 8 ሜትር ይረዝማሉ። ለየት የሚያደርጋቸው ጠባያቸው ነው፤ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ሰው ሲያዩ ራሳቸው ቀርበው ይመለከቱታል። ስለዚህ እነርሱን ለማየት የሚደረገው ጉዞ የዋና ጀግና አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳይንፈራገጥ መንሳፈፍና በእርጋታ መተንፈስ የሚችል ሰው ነው።

መጀመሪያ ጀልባ ይምረጡ። ሰውን ከእነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ጋር ውኃ ውስጥ ማስገባት የሚችለው ከግሬት ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ ባለሥልጣን ልዩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ፈቃዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ውስን ስለሆነ ቦታው ቀደም ብሎ ይያዛል። መነሻዎቹ ኬርንስና ፖርት ዳግላስ ናቸው። ሜልበርን ላሉ ወገኖቻችን ኬርንስ በአገር ውስጥ በረራ ይደረሳል። የአንድ ቀን ጉዞ አለ፤ በጀልባው ላይ እያደሩ ሪበን ሪፍስ እስከሚባሉት ሰሜናዊ ሪፎች የሚሄዱበትም አለ። አቅምዎ ከፈቀደ አዳሩን ይምረጡ። ዓሣ ነባሪ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በአንድ ቀን ካልመጣ ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው።

ከመሄድዎ በፊት መዋኛ ገንዳ ገብተው ይለማመዱ። ፊትን ውኃ ውስጥ ከትቶ ስኖርክል በሚባለው የመተንፈሻ ቱቦ መተንፈስ ለጀማሪ ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱ እዚያው ገንዳው ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል። ስኖርክሉ ውኃ ሲገባበት በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ እፍ ብሎ ማስወጣትንም ይልመዱ። ማስክ ሲመርጡ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ይለጥፉትና በአፍንጫዎ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ሳይያዝ ከቆመ ልክዎ ነው። ጢምና ከጠርዙ ሥር የገባ ሹሩባ ውኃ ያስገባሉ፤ ፀጉርዎን ወደ ኋላ ሰብስበው ይሰሩት። ውኃው 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሚዋኝ ሰው ይስማማል፤ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ለሚንሳፈፍ ግን ይበርዳልና ዌትሱት የሚባለውን ሙቀት የሚጠብቅ የውኃ ልብስ፣ ወፍራሙን፣ ይከራዩ።

ወቅቱ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የሚበረታበት ስለሆነ ባሕሩ ይናወጣል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚጠቅመው ከመሳፈር በፊት ሲወሰድ ነው፤ ማስታወክ ከጀመሩ በኋላ የሚውጡት ክኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም። የጤና ቅፅ ሲያስሞሉዎት የልብ ሕመም ወይም አስም ካለብዎት አይደብቁ።

ዓሣ ነባሪ ሲታይ ጀልባው አያሳድድም። ይቆማል፤ ሠራተኞቹም ተንሳፋፊ ኳስ የታሰረበት ረጅም ገመድ ወደ ውኃው ይለቃሉ። እርስዎ በመሰላሉ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ዘለው አይግቡ። ገመዱን ተከትለው ወደ ተመደበልዎት ቦታ ይሂዱና ይያዙት። እግርዎን አያወራጩ። ፊትዎን ውኃ ውስጥ ከትተው ወደ ታችም ወደ ጎንም ይመልከቱ።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ነጩ ነው፤ የክንፉ ሥርና ትከሻው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከጠቆረው ገላ በፊት ከሰማያዊው ውኃ ውስጥ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ያልፋል፤ ዞሮ ሲመለስ ይቀርባል። ሆዱን የሚያሳይ፣ ራሱን ከውኃው ቀጥ አድርጎ አውጥቶ ወደ ጀልባው የሚመለከትም አለ። ከባዱ ነገር ያን ጊዜ እጅን መሰብሰብ ነው። አንድ ሰው ገመዱን ለቆ ወደ እነርሱ ከዋኘ ሊሸሹ ይችላሉ፤ የእርሱ ጉጉት የሌላውን ሁሉ ዕድል ያበላሻል። መንካትም ክልክል ነው። ሠራተኞቹ «ውጡ» ሲሉ ያለ ክርክር ይውጡ። ጥርስዎ መንገጫገጭ ከጀመረ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ይውጡ፤ ሻይ ጠጥተው ሞቅ ካለዎት በኋላ መመለስ ይቻላል።

ፎቶ ያንሱ፤ ፍላሹን ግን ያጥፉ። የእያንዳንዱ ዓሣ ነባሪ የቆዳ መልክ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች በፎቶ ይለዩአቸዋል። ስለዚህ የግራውንም የቀኙንም ጎን ለማንሳት ይሞክሩና ለጀልባው ሠራተኞች ቅጂውን ይስጡ።

አውስትራሊያ ለራቀበት የአዲስ አበባ ሰው ጅቡቲ ቅርብ ናት። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይታያል። እርሱ ግን ስሙ እንጂ ዓሣ ነባሪ ሳይሆን ዓሣ ነው፤ አሠራሩም ይለያል። እዚያ ገመድ ይዞ መጠበቅ የለም፤ ከጎኑ በርቀት መዋኘት ነውና ዋናዎን አጠንክረው፣ ከጭራውም ርቀው ይሂዱ።