የፓወር ባንኩ መንገድ የትኛው ነው? ወደ ባሕር ዳር በአየር የሚነግድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሒሳብ

አንድ የባሕር ዳር የሞባይል ዕቃ ነጋዴ አለ እንበል። መርካቶ ገብቶ 60 ፓወር ባንክ እያንዳንዱን በ1,500 ብር ይገዛል። በጠቅላላው 90,000 ብር አወጣ ማለት ነው። ገበያው እንዳያመልጠው በመስጋት ዕቃውን በአይሱዙ ከመላክ ይልቅ በሻንጣ ከትቶ ቦሌ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ፣ ከቀትር በኋላም ሱቁን ሊከፍት አስቧል።

ዳሩ ግን ሻንጣው በፍተሻ ይያዛል። ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አንድም ፓወር ባንክ ማለፍ አይፈቀድለትም። በእጅ ሻንጣ ልያዘው ቢል ደግሞ 60 ፓወር ባንክ የግል መገልገያዬ ነው ብሎ ማስረዳት አይችልም። አውሮፕላኑም ቆሞ አይጠብቀውም። በመሆኑም ነጋዴው ወይ ዕቃውን ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ቲኬቱን ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ነጋዴውን ለኪሳራ የዳረገው ደንቡ ብቻ አይደለም። ደንቡን ከግዢው በፊት በሒሳቡ ውስጥ አለማስገባቱ ነው። የመጓጓዣና የመጋዘን ዋጋ ተሰልቶ በዕቃው ላይ እንደሚጨመር ሁሉ፣ ዕቃው በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚችልም ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ መታወቅ ይኖርበታል።

ክልከላው ከየት መጣ?

የሞባይል፣ የላፕቶፕና የፓወር ባንክ ባትሪዎች በአብዛኛው ከሊቲየም የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ባትሪ በትንሽ አካል ብዙ ኃይል ይይዛል። ነገር ግን ሲጨፈለቅ፣ ሲበሳ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ በውስጡ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም አጠገቡ ወዳለው ባትሪ እየተሸጋገረ እሳቱን ያዛምተዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነበር። በጥር 2005 ዓ.ም. ግን በሌሎች አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ በደረሰ የሊቲየም ባትሪ ችግር ምክንያት የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች በመላው ዓለም ከበረራ ታገዱ። እገዳው ሲነሣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ በመብረር በ787 የንግድ በረራ ቀድሞ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ አንድ የአየር መንገዱ 787 በጭራው አካባቢ ተቃጠለ። በውስጡ ሰው ስላልነበረ የተጎዳ የለም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት የእሳቱ መነሻ አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ ነበር፤ የመሣሪያው የሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር።

ያ ባትሪ የአውሮፕላኑ ዕቃ እንጂ የመንገደኛ አልነበረም። ሆኖም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሰው በማያየው ቦታ የተነሣ እሳት ትልቅ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ይታወቃል። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ግን ጭስ ሲታይ የበረራ አስተናጋጆች ውኃና ማጥፊያ ይዘው ይደርሳሉ። መለዋወጫ ባትሪና ፓወር ባንክ ከመንገደኛው ጋር ይሁን እንጂ ወደ ጭነት ክፍል አይውረድ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የ2009 ዓ.ም. ትምህርት

መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ትእዛዝ አወጣ። ዱባይ፣ አቡ ዳቢ፣ ዶሃና ኢስታንቡል ከሚገኙባቸው 10 አውሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ ወደ አሜሪካ የሚበር መንገደኛ ከስልክ የሚበልጥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በእጁ ይዞ እንዳይገባ ከለከለ። ላፕቶፑም፣ ታብሌቱም፣ ካሜራውም ወደ ጭነት ክፍል እንዲወርድ ሆነ። እንግሊዝም በዚያው ዕለት በ6 አገሮች ላይ ተመሳሳይ ክልከላ አወጀች። የተሰጠው ምክንያት በመሣሪያዎቹ ውስጥ ፈንጂ ሊደበቅ ይችላል የሚል ነበር።

ትእዛዙ የደኅንነት ቢሆንም ገበያውን አናወጠው። በአውሮፕላን ላይ በላፕቶፑ የሚሠራው የቢዝነስ ክፍል መንገደኛ ሌላ መስመር መፈለግ ጀመረ። ኳታርና ኢቲሃድ ለዚህ ክፍል መንገደኞቻቸው መሣሪያ እስከ ማዋስ ደረሱ። ኤሚሬትስም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የፍላጎት መቀነስን ጠቅሶ ወደ 5 የአሜሪካ ከተሞች የሚያደርጋቸውን በረራዎች ቀነሰ። ቦሌ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ስለሆነም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ላፕቶፑን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲሠራ፣ በዱባይ በኩል የሄደው ግን ለጭነት አስረክቧል።

በዚያን ጊዜ የአቪዬሽን ባለሙያዎች ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ፈንጂን በመፍራት ብዙ ባትሪ ማንም በማያየው ቦታ መከማቸት አለበት ወይ? አውሮፕላን ማረፊያዎቹ ፍተሻቸውን ሲያጠናክሩ አሜሪካ እስከ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ክልከላውን ከሁሉም ላይ አነሣች። ለነጋዴ የቀረው ትምህርት ደንብ በአንድ ጀንበር ሊለወጥ እንደሚችል፣ ደንበኛም ደንቡን ተከትሎ እንደሚሄድ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የአየር ደንብ ባትሪን የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። ብዙ ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ግን በሚሊ አምፒር-ሰዓት ነው። ስሌቱም ይኸው፦ ሚሊ አምፒር-ሰዓቱን በቮልቱ አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል። የፓወር ባንክ የውስጥ ባትሪ ቮልት አብዛኛውን ጊዜ 3.7 ነው።

በዚህ መሠረት 20,000 የተጻፈበት 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 30,000 የተጻፈበት 111፣ 50,000 የተጻፈበት ደግሞ 185 ይደርሳል።

በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በእጅ ሻንጣ ይገባል። ከ100 በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መለዋወጫ ከሆነም ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነው መንገደኛ ይዞት አይገባም። መብራት ሲጠፋ ለሱቅ የሚሆኑት ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻዎች ብዙዎቹ ከዚህ ጣሪያ እጅግ ያልፋሉ። የእነርሱ መንገድ አስፋልቱ እንጂ የመንገደኛ አውሮፕላን አይደለም።

መጠኑ ያልተጻፈበት ወይም ጽሑፉ የጠፋበት ፓወር ባንክ ትንሽ ቢሆንም ፈታሹ ሊያምነው አይገደድም። ርካሽ ተብሎ የተገዛ ምልክት የለሽ ዕቃ በፍተሻ በር ላይ ከሁሉ የተወደደ ሊሆን ይችላል።

የግልና የንግድ ዕቃ ይለያያል

ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ፈቃድ መንገደኛ ለግል መገልገያ ለያዘው ዕቃ ብቻ ነው። ለሽያጭ የሚሄድ ዕቃ ካርጎ ነው፤ ካርጎ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ባትሪው በውስጡ ያለ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ተገቢው ማሸጊያና መግለጫ ተሟልቶለት በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት ሊላክ ይችላል። ብቻውን የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ከመጋቢት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ውሳኔ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎነት እንዳይጫን ተከልክሏል። ፓወር ባንክም የሚመደበው እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ባትሪ ነው። ስለዚህ በአንድ ካርቶን የታሸጉ ስልኮችና ፓወር ባንኮች መንገዳቸው ሁለት ነው ማለት ነው።

ወደ ውጭ የሚወጣው ነጋዴም ሊጠነቀቅ ይገባል። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ከተቃጠለ ወዲህ ደንቡ እየጠበቀ ሄዷል። ቻይና ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሯን የጥራት ምልክት ያልያዘ ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ እንዳይገባ ከልክላለች። ኤሚሬትስ ደግሞ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ የፈቀደው ከ100 ዋት-ሰዓት በታች የሆነ አንድ ፓወር ባንክ ነው፤ በበረራ ላይ መጠቀምም አይቻልም። ጓንዡ ወይም ዱባይ ለዕቃ ግዢ የሚሄድ ሰው ይህንን ሳያውቅ መነሣት የለበትም።

ለጣና ዳር ገበያ ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር ይህ ሒሳብ የሚነካው የሞባይል ሱቅን ብቻ አይደለም። የጣና ገዳማትንና ጢስ ዓባይን ሊቀርጽ የሚመጣ ባለካሜራ ትልልቅ ባትሪዎችን ይዞ ይጓዛል። አስጎብኚው ደንበኛው ከአገሩ ከመነሣቱ በፊት የባትሪውን መጠን እንዲያጣራ ቢነግረው የጉዞው ፕሮግራም አይበላሽበትም።

ነጋዴው በበኩሉ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ዕቃው ስንት ዋት-ሰዓት ነው? ሁለተኛ፣ ባትሪው በመሣሪያ ውስጥ ያለ ነው ወይስ ብቻውን? ሦስተኛ፣ አስመጪው የተባበሩት መንግሥታትን የባትሪ ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ሰነድ መስጠት ይችላል? ደላላም ቢሆን አደርሳለሁ ብሎ ቃል ከመግባቱ በፊት እነዚህኑ ቢጠይቅ ራሱን ከክርክር ያድናል።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ነጋዴ እነዚህን ቢጠይቅ ኖሮ 60ውን ፓወር ባንክ በአይሱዙ ልኮ፣ ለራሱ አንዱን በእጅ ሻንጣው ይዞ ይሳፈር ነበር። ዕቃው ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል፤ 90,000 ብሩ ግን ቦሌ ፍተሻ ላይ አይቀርም።