ጫማው ባይወልቅም፦ የጋሪ ፈረስ ጫማ መቀየሪያ ጊዜና የኮቴ ጤና

እንደ ቢሾፍቱና ሞጆ ባሉ ከተሞች የሚሠራ የጋሪ ፈረስ ውሎው በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ላይ ነው። በገጠር የሚሰማራ ፈረስ ኮቴው በሚያድገው ልክ በእርምጃው ስለሚበላ በአብዛኛው ያለ ጫማ ይኖራል፤ በከተማ መንገድ ግን መበላቱ ዕድገቱን ይቀድማል። ስለዚህ የብረት ጫማ አስፈላጊነት እምብዛም አያከራክርም። በቂ ትኩረት ያላገኘው ጥያቄ፣ ጫማው ከተመታ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ ይገባዋል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ፈረሱ ወደ ጫማ መቺ የሚወሰደው ጫማው ሲወልቅ ወይም ብረቱ ሲያልቅ ነው። ይህ መለኪያ የብረቱን ዕድሜ እንጂ የኮቴውን ሁኔታ አያሳይም።

የኮቴ ግድግዳ፣ ከጸጉሩ ጋር ከሚገናኝበት ዙሪያ ጀምሮ በወር በግምት ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ያድጋል። ጫማ ይህን ዕድገት አይገታም፤ የሚገታው መበላቱን ነው፤ እሱንም ቢሆን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በሙያው ሥርዓት ምስማር የሚመታው ከኮቴው ሰፊ ቦታ ወደ ፊት ባለው ክፍል ነው። ተረከዙ ነጻ ስለሚሆን ክብደት ሲያርፍበት ይሰፋል፣ ሲነሣለት ይሰበሰባል፤ በዚህም ከብረቱ ጋር እየተፋተገ በጥቂቱ ይበላል። በምስማር የተያዘው የፊት ጫፍ ግን ሳይበላ ይረዝማል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ጫፉ ወደ ፊት የሄደ፣ ተረከዙም ዝቅ ያለ ኮቴ ይፈጠራል። ፈረሱ እግሩን ሲያነሣ ረጅሙ ጫፍ መነሻውን ስለሚያዘገየው ከእግሩ ኋላ ያለው ጥልቅ ጅማት ከልኩ በላይ ይወጠራል። ጫማውም ከኮቴው ጋር ወደ ፊት ስለሚጎተት የተረከዙ ማረፊያ ያጥራል፤ የብረቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ የኮቴውን ወለል ሊጫን ይችላል። የቆመ ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ መሸከሙ ሲታሰብ፣ ጉዳቱ በእነዚህ ላይ መክበዱ አያስደንቅም።

በሙያው የተለመደው ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚደርስ የመቀየሪያ ጊዜ መሠረቱ ይኸው ነው። በ8 ሳምንት ኮቴው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ቀኑ ደረሰ ማለት አዲስ ብረት ይገዛል ማለት ግን አይደለም፤ ያልሳሳ ጫማ ተነቅሎ፣ ኮቴው ተቆርጦና በሞረድ ተስተካክሎ፣ ያው ጫማ ተመልሶ ሊመታ ይችላል። ወጪው ያስፈራው ባለጋሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰማው የሚገባው ይህ ነው። ከወጪው ይልቅ የሚከብደው ፈረሱ ሳይሠራ የሚያሳልፈው ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያነከሰ ፈረስ ግን የሚያስቀረው ሳምንታትን ነው።

ሆኖም ቀኑን ማክበር ብቻውን አይበቃም። ጫማው በኮቴው ልክ ይቀጠቀጣል እንጂ ኮቴው በጫማው ልክ አይሞረድም። ጠቦ በተሠራ ጫማ ላይ የተረፈውን ግድግዳ ከፊት ሞርዶ ማስተካከል ሥራውን ያማረ ያስመስለዋል፤ ምስማር የሚይዘውን ክፍል ግን ያሳሳዋል። በኮቴው ግርጌ ግድግዳውንና ወለሉን የሚያገናኘው ነጭ መስመር የምስማር ወሰን ነው፤ ምስማር ከዚያ ወደ ውስጥ ካለፈ ሕይወት ያለውን ሥጋ ይወጋል። ቁስሉ መግል ሊቋጥር ይችላል። ፈረስ ለቴታነስ እጅግ ተጋላጭ በመሆኑ አደጋው ከማነከስም ሊያልፍ ይችላል።

ክትትሉ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም። የላላ ጫማ በኮቴው ድምፅ ይታወቃል፤ ቀድሞ የሚሰማውም ቀኑን ሙሉ ከፈረሱ ኋላ የሚቀመጠው ባለጋሪ ነው። ጫማው ሳይላላ የሚያልፈውን ቀን ግን ጆሮ አይነግረውም፤ የተመታበትን ዕለት መያዝ ያስፈልጋል። ወርኃዊ በዓላትን የሚቆጥር ባለጋሪ በሚካኤል ዕለት ያስመታውን ጫማ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሚካኤል ሳይደርስ ቢያስነቅል ከ8 ሳምንት ብዙም አይርቅም።