የለቅሶ ቤት ምግብና መጠጥ፦ ለመካነ ብርሃን እድርተኞችና ጎረቤቶች የተሰጠ ማሳሰቢያ

በጃናሞራ ሰው ሲሞት ዘመድ ወዳጁ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ አቋርጦ ይመጣል። ደክሞትና በርዶት የደረሰን ለቀስተኛ ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው። የማብላቱ ተራ ግን የጎረቤትና የእድር ነው። ሬሳ የወጣበት ቤት ጎተራውን አራግፎ እንግዳ የሚያስተናግድ ከሆነ፣ በሐዘኑ ላይ ዕዳ ጨመርንበት እንጂ አላጽናናነውም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠብቅ።

ይደረግ

1. መርዶው እንደተሰማ የእድሩ ዳኛ እዝን የሚያመጡትን ቤቶች በየቀኑ ይደልድል። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ካመጣ እንጀራው ይሻግታል፤ ከሠልስት በኋላ ደግሞ ቤቱ ባዶ ይቀራል።

2. ከቀብር ለሚመለሰው ሕዝብ በቅድሚያ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ንፍሮ ይድረስ። በደጋ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ለሠልስት የሚሆነው በዋዜማው ይዘፍዘፍ።

3. ሐዘንተኛው እህል እምቢ ይላል። አንድ የሚቀርበው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በሶ ወይም አጥሚት ያስቀምሰው፤ ያጉርሰው። አራስ፣ ሽማግሌና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱ ሳያልፍ ይብላ።

4. በረቡዕ፣ በዓርብና በአጽዋማት የፍስክ ምግብ አይምጣ። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለሁሉም ይመቻሉ። ሙስሊም ለቀስተኛም የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ ያለ ሐሳብ ይመገባቸዋል።

5. የመጠጥ ውኃ ፈልቶ ይቀመጥ፤ ጣሳና ብርጭቆ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ይታጠብ።

6. የተረፈው ሳይበላሽ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች ይሰጥ።

አይደረግ

1. አረቄ ለቅሶ ቤት አይግባ። ጠላም ቢሆን በልክ ይቀዳ። ብዙው ለቀስተኛ ሲመሽ በገደል አፋፍ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው።

2. ለተዝካር የሚያርስ በሬ አይሸጥ፤ የዘር እህል አይነካ፤ በወለድ ብድር አይደገስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ጠፍቶ ጃናሞራን ድርቅ ሲመታት ብዙ ቤተሰብ ከብቱን አጥቷል። ያን ጊዜ ያየ ሰው የከርሞ ዘር በአንድ ቀን ድግስ አይጨርስም። በአርባው ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎትና ለድሀ የሚሰጥ ምጽዋት ነው፤ ይህን ደግሞ በአንድ ሞሰብ እንጀራም መፈጸም ይቻላል።

3. የቀረበው ምግብ አይታማ። «እንዲያ ያለ ሰው ሞቶ በንፍሮ ሸኙት» የምትለው ቃል ናት ቤተሰብን ወደ አራጣ የምትሰደው። የሰማት ሰው በዝምታ አይለፋት፤ ተናጋሪውን ይገሥጽ።

4. እዝን ያላመጣ ድሀ በስሙ አይጠራ። እንጨት የፈለጠ፣ ውኃ የቀዳ፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር ያደረ እንደ ሌላው ሁሉ ድርሻውን ተወጥቷል።

5. ጎረቤት ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት አይብላ። ቅርብ ያለ ሰው በቤቱ ቀምሶ ይምጣ፤ ምግቡ ከሩቅ ለመጣው ይቆይ።

በለቅሶ ቀን ይሉኝታ ያይላል፤ ስለ ወጪ የሚናገር ሰውም ንፉግ ይባላል። በመሆኑም እያንዳንዱ እድር የድግሱን ልክ በሚቀጥለው ስብሰባው ተወያይቶ በመተዳደሪያ ደንቡ ያስፍር። ደንቡ ለሀብታሙም ለድሀውም እኩል ይሥራ፤ በተለይ ሀብታሙ ቀድሞ ያክብረው፤ እሱ ከቀነሰ ድሀው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።