አዋጁ ከተነሣ በኋላ ስለሚቀረው ጥንቃቄ

ባለፈው ወር የጤና አጠባበቁን ሁኔታ ለመመልከት ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ከበሩ አጠገብ ቧንቧ የተበጀለት ሰማያዊ በርሜል ቆሞአል፤ በላዩም «እጅዎን ሳይታጠቡ አይግቡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ክዳኑን አንሥቼ ብመለከት ውስጡ ደረቅ ሆኖ ሸረሪት አድርታበት አገኘሁ። ወደ ክፍል በገባን ጊዜ ከ60 የሚበልጡ ልጆች በአግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የክፍሉ መስኮቶች ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለቱ ብርድና አቧራ እንዳያስገቡ ተብሎ በምስማር ተመትተዋል። የሚያስተምሩት መምህር ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ የስኳር በሽታም ያለባቸው ሰው ናቸው። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ወደ ጥላው ወስደው፣ «እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ አዋጁ ተነሥቷል፤ ጭምብሉም ቀርቷል፤ እኔ ታዲያ ከምኑ ነው የምጠነቀቀው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

በኮቪድ 19 የታመመ ሰው በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተነገረው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን አስታወቁ። በዚያው ዕለት ግን በሽታው ገና አለመጥፋቱን፣ ለድርጅቱ የተነገረው ሞት ወደ 7 ሚሊዮን ቢሆንም እውነተኛው ቍጥር ከ20 ሚሊዮን እንደማያንስ ጨምረው ተናግረዋል። ብዙ ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በአገራችንም የተመዘገበው ሞት ከ7,500 ይበልጣል፤ ሳይመረመር በቤቱ የሞተው በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

አዋጅ የሚታወጀው በሽተኛው ከሐኪም ቤቱ አልጋ በላይ እንዳይሆን ነው፤ የሚነሣውም ይህ ስጋት ሲቀንስ ነው። ስጋቱ የቀነሰው ቫይረሱ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ የአብዛኛው ሰው ሰውነት በክትባት ወይም በመታመም በሽታውን መቋቋም ስለ ተማረ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ለሁሉ እኩል አልታደለም። ለጎልማሳው እንደ ጉንፋን የሚያልፈው በሽታ ለሽማግሌው፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳምባ በሽታ ላለበት ሰው አሁንም ሊከብድ ይችላል። የክትባቱም ጥቅም ወራት በሄዱ ቍጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ቫይረሱ ራሱም መልኩን ይለውጣል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከደቡባዊ አፍሪካ የተነገረው ኦሚክሮን የተባለው ዓይነት በጥቂት ሳምንታት ዓለምን እንዳዳረሰ እናስታውሳለን።

ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ሰው ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚያስቀር ለማወቅ ወደ 1911 ዓ.ም. መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መትቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው የዳኑት በዚያን ጊዜ ነው። መታሰቢያውም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ተከምሮ ሲቃጠል፣ ከተማውም በጭስ ሲታጠን ይታያል። ግቢን መጥረግ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ እንጂ ከጥራጊ የሚነሣ በሽታ አይደለም፤ ጭሱም አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል እንጂ በሽታውን አይከለክልም። ይህን ስል የሚቆጡኝ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ከነርሱም አንዷ እናቴ ናት።

እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ በዚያው በኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በጥቅምት ወር ወጥቶ የነበረው የጭምብል ደንብ እኩለ ቀን ላይ ተነሣ። ሕዝቡም በደስታ ጭምብሉን ከፊቱ እየገፈፈ በመንገድ ላይ ጣለው። ወሩ ሳይገፋ በሽተኛው እንደ ገና በዛ፤ ጥር 9 ቀን ደንቡ ተመለሰ፤ የሚቃወሙ ሰዎችም ማኅበር አቋቁመው ተሰበሰቡ፤ ጥር 24 ቀን ደግሞ ዳግመኛ ተነሣ። የዚያን ጊዜው ጭምብል ከስስ ሻሽ የተሠራ ስለ ነበረ ብዙ ይከላከል ነበር ብዬ አልከራከርም። የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ስሕተት ደንቡ የተነሣበትን ቀን በሽታው የሄደበት ቀን አድርገው መቍጠራቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኔም በ2012 ዓ.ም. በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርሁ የበር እጀታና ጠረጴዛ በበረኪና እንዲወለወል ሳስተምር ከርሜአለሁ፤ ስለ መስኮት የተናገርሁት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር ዕቃ በመንካት የሚመጣው መተላለፍ አነስተኛ መሆኑን፣ ዋናው መንገድ አየር መሆኑን አስረዳን። ቫይረሱ ከታመመው ሰው በትንፋሽ፣ በንግግር፣ በመዝሙርና በሳል ይወጣል። ትልልቁ ጠብታ ወዲያው ይወድቃል፤ ረቂቁ ግን እንደ ሲጋራ ጭስ በክፍሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይቆያል። በተዘጋ ክፍል አንድ ሰው ቢያጨስ በመጨረሻው ወንበር ያለውም ጭሱን መሳቡ አይቀርም፤ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ቢከፈቱ ግን ጭሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሳሳል። መምህራን ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ይረዱታል።

የአየር መለወጥ ነገር የብርድ አገር ሰዎችም የተቀበሉት ነው። በጀርመን አገር በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በረዶ በሚጥልበት ወራት እንኳ፣ የትምህርት ክፍሎች በየ20 ደቂቃው መስኮታቸውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲከፍቱ ይመከሩ ነበር። የእኛ ብርድ ከዚያ አይበልጥም። ለእኛም ትርፉ እጥፍ ነው፤ የሳምባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በዚያው በተዘጋ አየር ነውና፣ አገራችንም ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

በልቅሶ ጊዜ የድንኳኑን ግድግዳ በሁለት ወገን መጠቅለል ይቻላል። በሽተኛ መጠየቅ ደግ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ዐሥር ሰው በአንድ ጊዜ በአንዲት ጠባብ ክፍል ገብቶ በሽተኛውን መክበቡ፣ ከነርሱም አንዱ እያስነጠሰ መቀመጡ፣ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ይጎዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ስልክ ቢደውል አክብሮቱ አይጎድልም፤ የግድ መሄድ ካለበትም ጭምብሉን ያድርግ። ጭምብል ለሁሉ ሰው በሁሉ ቦታ የታዘዘበት ጊዜ አልፏል፤ በሐኪም ቤትና በደካማ ሰው አልጋ አጠገብ ግን አሁንም ቦታ አለው። ከበሽታው ከተነሡም በኋላ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ለወራት የማይለቃቸው ሰዎች አሉ፤ እነዚህን ሰነፍ ብሎ መንቀፍ አይገባም።

እጅ መታጠብም ምክንያቱ ተለወጠ እንጂ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ያስተማረን ይህን ነው፤ ተቅማጥ በአየር አይመጣም፤ ከእጅ፣ ከውሃና ከምግብ ነው።

ለእኚያ መምህር የሰጠኋቸው ምክር ረጅም አልነበረም። ወንበራቸውን ከማእዘኑ አንሥተው በተከፈተው መስኮት አጠገብ እንዲያደርጉ፣ የሚያስል ተማሪ ወደ ቤቱ ቢሄድ ከትምህርቱ ወደ ኋላ እንደማይቀር ለወላጆች እንዲነግሩ፣ የስኳር ሕክምናቸውንም ሳያቋርጡ ስለ ተጨማሪው ክትባት ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ አሳሰብኋቸው። ርእሰ መምህሩ ዘበኛውን ጠርተው ምስማሩን ከአንደኛው መስኮት አስነቀሉ። ሁለተኛው ማጠፊያው ዝጎ ስለ ነበረ አናጢ እስኪመጣ ተዘግቶ ቆየ። የልጆቹን መቀመጫ ብዙ አቧራ እንዳይመታው በመስኮቱ ላይ ስስ ሻሽ ይወጠር ዘንድ ተስማምተን፣ በርሜሉን ስንወጣ ልጆች ውሃ እየቀዱ ይሞሉት ነበር።