ከጉምሩክ ሥራ የወጣ ኢኮኖሚስት

ጥያቄ፦ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የፖሊሲ ባለሙያ ሆኛለሁ። ከአገራችን ሰው የማን ሥራ ይጠቅመኛል? በወጣትነትስ ቁም ነገር ያለው ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይጀምሩ። ሥራቸውን ሁሉ የጻፉት በወጣትነት ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። አድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው በኦስትሪያ ተማሩ። ተመልሰውም የጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብር በሕዝቡ አቅም ልክ በገንዘብ ይከፈል፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ አንድ ይሁን ብለዋል። ዛሬ ለሚኒስትር የሚቀርብ የፖሊሲ ሰነድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዋናው ሥራቸው ግን ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ ሲገዛ፣ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም ይለውጣል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥርም ጥገኛነቱ ይብሳል ይላሉ። አርጀንቲናዊው ኢኮኖሚስት ራውል ፕሬቢሽ ተቀራራቢ ሐሳብ ይዞ የተነሣው እርሳቸው ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ይህን የነጋድራስን ሐሳብ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለእያንዳንዱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሊያስተምሩት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እርሳቸው ቀረጡንና ሸቀጡን በሥራቸው ላይ በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ። እርስዎም ስለ ቡና ወይም ስለ ሰሊጥ ዋጋ ምክረ ሐሳብ ከመጻፍዎ በፊት ገበሬውንና ነጋዴውን ያነጋግሩ።